ቁልፉ ማን ጋ ነው?

አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ክበብ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም። በሩን ማየት ይበቃል። «የአካባቢ ጥበቃ ክበብ» የሚል በቀለም የተጻፈ ጽሑፍ አለ። ከጽሑፉ በታች ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከጓጉንቸሩ ፊት ደግሞ አንድ ተማሪ ቆሞ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ይላል። ሦስቱ ከተሟሉ ክበቡ በሕይወት አለ። ጠያቂው ከሌለ ሞቷል፤ ጽሑፉና ጓጉንቸሩ ግን ለሚቀጥሉት ዓመታትም እዚያው ይቆያሉ።

ክበብ የሚወለደው ጥቅምት አካባቢ ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር ከአንዱ ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ይቆርስና የክበባቱን ስም ሰሌዳ ላይ ይደረድራል፦ ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ ፀረ ኤድስ፣ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና፣ ሥርዓተ ፆታ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሳይንስ፣ ሒሳብ። «እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ በአንድ ክበብ መታቀፍ አለበት» ይባልና ወረቀቱ ከፊት ወንበር ተነስቶ ወደ ኋላ ይዞራል። ሚኒ ሚዲያ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ሳይደርስ ይሞላል። ቀይ መስቀል አምስተኛው ላይ ያልቃል፤ የኳስ ግጥሚያ ሲኖር ከክፍል የሚያስወጣ ክበብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የኋላ ወንበር የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ሒሳብ ክበብ የገባ ልጅ ሒሳብ ይወዳል ማለት አይደለም፤ ወረቀቱ ሲዞር ሽንት ቤት ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ምርጫ ነው። ሊቀ መንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር ይመረጣሉ። ሳንቲም የሌለው ክበብ ገንዘብ ያዥ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኦዲተሩም ዓመቱን ሙሉ የሌለውን ገንዘብ አለመጉደሉን ሲያረጋግጥ ይከርማል። ጸሐፊዋ የምትመረጠው «ጽሕፈቷ ያምራል» ተብላ ነው፤ ይህ መስፈርት እስከ ዛሬ ተቃውሞ ገጥሞት አያውቅም። ሊቀ መንበሩ በጭብጨባ ከተሾመ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው ተጠሪ መምህሩን ፈልጎ ቁልፍ መጠየቅ ነው።

ተጠሪ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ተጠሪነቱ የደረሰው ስብሰባው ላይ ዘግይቶ ስለገባ ብቻ ነው። ቁልፉን የሚይዘውም ከስስት አይደለም፤ ዕቃው የተመዘገበው በስሙ ነው። አንድ ማይክ ብትጠፋ ከደመወዙ ትቆረጣለች፣ ማይኳ በቀን ሦስት ጊዜ ብትናገር ግን ማንም አያመሰግነውም። ስለዚህ የተቆለፈ ዕቃ ደህና ዕቃ ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ መምህሩ የሚያስተምረው ጠዋት፣ አባላቱ የሚማሩት ከሰዓት። ቁልፉና ክበቡ በር ላይ ይተላለፋሉ፣ እንደ ባቡር።

ከክበባት ሁሉ የምር የሚደክመው ሚኒ ሚዲያ ነው፤ ዝም ካለ ወዲያው ይታወቃልና። ንብረቱ ባብዛኛው ይህ ነው፦ አንድ አምፕሊፋየር፣ ጣሪያ ወይም ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ጡሩምባ መሳይ ድምፅ ማጉያዎች፣ ሁለት ማይኮች (አንዷ ለመልክ)፣ ሙዚቃ የተጫነበት ፍላሽ። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በፊትና በዕረፍት ሰዓት ይሠራል። ዜና፣ «ይህን ያውቁ ኖሯል?»፣ ግጥም፣ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ደብተር። ዜናው የሚነበበው ከስልክ ነው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ አንባቢው ስልኩን ደብተር ውስጥ ደብቆ ያነባል፤ ከዚያው ስልክ ላይ «ተማሪዎች ስልክ ይዛችሁ እንዳትገቡ» የሚለውን የርዕሰ መምህሩን ማስታወቂያም ያነባል።

ሚኒ ሚዲያን የሚያውቁት ሁሉ የሚያውቁት ጩኸት አለ፤ ጥርስ የሚያፋጭ ፉጨት። ምክንያቱ ጋኔን አይደለም። ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ያጎላዋል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንባቢው ከማጉያው ኋላ ይቁም፣ ማይኩን ወደ አፉ አራት ጣት ያህል ያስጠጋ፣ ድምፁ ዝቅ ይበል፣ የማይኩ ራስ በመዳፍ አይሸፈን። የሚደረገው ግን ሌላ ነው። አንባቢው ተማሪው እንዲያየው ከማጉያው ፊት ይቆማል። ከዚያ ማይኩን ከደረቱ ላይ ይይዛል። ድምፁ ሲያንስ ዩኒት ሊደሩ «ጨምሩት!» ይላል። ተጨምሮ ሲያፏጭ አንባቢው ደንግጦ የማይኩን ራስ በመዳፉ ይጨብጣል። ያኔ ፉጨቱ ሰፈር ይሻገራል።

ሁለተኛው ሕመም ገመዱ ነው። የማይክ ገመድ የሚበጠሰው ከጃኩ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ነው፤ ሲጠቀለልም ሲጎተትም የሚታጠፈው እዚያች ጋ ነውና። የተበጠሰችውን ቆርጦ፣ ሽቦውን ልጦ፣ መልሶ መበየድ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። መበየጃው ፊዚክስ ላብራቶሪ ውስጥ አለ። የፊዚክስ ላብራቶሪ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ስለዚህ ጃኩ ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ይሸጎጥና በፕላስተር ታስሮ «እንዳትነኩት» ይባላል። ብዙ ሚኒ ሚዲያዎች የቆሙት በዚህች ወረቀት ላይ ነው። አንዳንዴ ወረቀቷ የክበቡ ዓመታዊ ዕቅድ ትሆናለች፤ ዕቅዱ ሥራ ላይ የዋለበት ብቸኛው ጊዜም ያ ነው።

ዕቅዱ ስለተነሳ፦ በሰንጠረዥ ነው የሚሠራው። ተራ ቁጥር፣ ዝርዝር ተግባር፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ ሩብ ዓመት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሐምሌን፣ ነሐሴንና መስከረምን ይይዛል። ሁለቱን ወር ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚገኘው ጥበቃውና ሣሩ ብቻ ነው። ሪፖርቱ ግን በዚያም ሩብ ዓመት ባዶ አያድርም፤ «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ ተሠርቷል» ይላል። ለሣሩ ይሆናል። «ያጋጠመ ችግር» በሚለው ዓምድ ሥር የበጀት እጥረት ይጻፋል፤ «የተወሰደ መፍትሔ» በሚለው ሥር «የሚመለከተው አካል ቢያስብበት»።

የክበብ ሁሉ መኸር ኅዳር ነው። ኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀን ነው፣ ከ1981 ጀምሮ የሚታሰብ። ኅዳር 29 ሕገ መንግሥቱ በ1987 የጸደቀበት፣ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ነው። ኅዳር 30 ፀረ ሙስና ቀን ነው። በዘጠኝ ቀን ሦስት በዓል፣ ለሦስቱም አንድ መድረክ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ገጣሚ። ገጣሚው ብልህ ከሆነ አንድ ግጥም ይበቃዋል። «ተነስ ወገኔ» የሚለውን ይዞ፣ ኅዳር 22 «ቫይረሱን» ያለበትን ቦታ ኅዳር 30 ላይ «ሙስናውን» ብሎ ይተካል። ቤቱ ይመታል።

ድራማው ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም። ፀረ ኤድስ ክበብ የሚያሳየው ድራማ አምስት ሰው አለው፦ ጥጥ ጢም የለጠፈና ጋቢ የለበሰ አባት፣ ነጠላ ያጣፋች እናት፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ክፉ ጓደኛ፣ ነርስ፣ ታማሚ። የነርሷ ነጭ ጋውን የሚመጣው ከኬሚስትሪ ላብራቶሪ ነው፤ ላብ ቴክኒሻኑ ከሌለ ነርሷ በዩኒፎርም ታክማለች። ዋናው ጣጣ ማይክ ነው። አምስት ተዋናይ አለ፣ የምትሠራው ማይክ አንዲት ናት። ስለዚህ ማንም ተናግሮ ሲጨርስ ማይኩን ለሚመልስለት ያቀብላል። አባትየው «ልጄ፣ ምነው ከሳህ?» ይልና ማይኩን ለታማሚው ይሰጠዋል። ታማሚው ይስላል። ሳሉ በደንብ እንዲሰማ ማይኩን ያስጠጋል። ይናዘዛል፣ ይሞታል። እናትየው ማልቀስ አለባት፤ ማይኩ ግን ሟቹ እጅ ላይ ነው። እናት በዓይኗ ትለምናለች። ሟቹ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ዘርግቶ ያቀብላታል። ሦስት ሺህ ተማሪ ይስቃል፣ እናትም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደግሞ በመዝጊያ ንግግራቸው «እጅግ አሳዛኝና አስተማሪ ነበር» ይላሉ። ማይኩን መድረኩ መሃል በመቆሚያ ማቆም፣ ወይም አንድ ተራኪ እያነበበ ሌሎቹ በእንቅስቃሴ ብቻ እንዲሠሩ ማድረግ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር። መቆሚያው ግን ለአንድ መምህር ሠርግ በውሰት ከወጣ ቆይቷል። መምህሩ ልጅ ወልደዋል፣ መቆሚያው አልተመለሰም።

ቀይ መስቀሎች በዚህ ሁሉ መሃል ደረታቸው ላይ ባጅ አድርገው ዳር ዳር ይቆማሉ። እናት ድርጅታቸው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ጀምሮ ያለ ነው፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥናቸው አንዳንድ ጥቅል ፋሻም ከዚያው ጊዜ የተረፈ ይመስላል። ተማሪ ፀሐይ መትቶት ሲወድቅ ትክክለኛው ነገር በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግና ሰው መበተን ነው። ክበቡ ይህን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሠልጥኗል። ልጁ ሲወድቅ ግን አርባው አባል በአንዴ ሮጦ ይከበዋል፣ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አይቀርም። ነስር ሲሆን ደግሞ «ቀና በል! ቀና በል!» ይላሉ፤ ደሙ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳውን ክፍል አሥር ደቂቃ ቆንጥጦ መያዝ ነበር የሚሻለው። ሣጥኑ? ተቆልፏል። ልጁ ሣጥኑ ሳይከፈት ራሱ ተነስቶ አቧራውን ያራግፋል፤ በሪፖርቱ ላይ «1 ተማሪ ሕይወቱ ተርፏል» ተብሎ ይመዘገባል።

አካባቢ ጥበቃ የሚታወቀው በችግኝ ነው። የዓለም የአካባቢ ቀን ግንቦት 28 ስለሚውል ችግኙ የሚተከለው በዚያ ቀን ነው፤ ክረምቱ ገና በደንብ ሳይገባ፣ አባላቱም ፈተና ሊቀመጡ ጥቂት ቀናት ሲቀሯቸው። ጥቁሩን ፕላስቲክ ሳያወልቁ የሚተክሉ አሉ፤ ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ሹራብ ክር ተጠቅልሎ ይቀራል። አባላቱ ግን ጉድጓድ ሲቆፍሩ አይደክሙም። ጉድጓዱ የአምናው ነው፤ አምናም የካቻምናው ነበር። አዲሱ ችግኙና ፎቶው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥበቡ። ሱፐርቫይዘር ይመጣል የተባለ ቀን ጸሐፊዋ የዓመቱን ቃለ ጉባኤ በአንድ ማታ ትጽፋለች። ልምድ ያላት ጸሐፊ ሦስት እስክሪብቶ ታዘጋጃለች፦ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ እና ሊያልቅ የደረሰ ሰማያዊ። በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ የአሥር ወር ስብሰባ ማንንም አያታልልም። ከዚያ የቀን መቁጠሪያ ፊቷ ታደርጋለች፤ ጥር 11፣ በጥምቀት፣ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ የተሰበሰበ ክበብ እንደሚያስቅ ታውቃለችና። በየስብሰባው ሁለት ሰው «በፈቃድ ያልተገኘ» ታደርጋለች፤ ሁሉም የተገኙበት ስብሰባ ጥርጣሬ ያመጣል። አንድ ቦታ ላይ ሻይ ጠብ ብታደርግ መዝገቡ ነፍስ ይዘራል። እውነቱን ለመናገር፣ ከክበብ ሕይወት ውስጥ ቆይቶ የሚጠቅም ሙያ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ኋላ መሥሪያ ቤት ስትገባ እንግዳ አይሆንባትም።

ሰኔ ላይ የምስክር ወረቀት ይታደላል። ለጌሾ ወቀጣው ያልመጣው ሁሉ ያን ዕለት ከየክፍሉ ይወጣል፤ በጥቅምቱ ወረቀት ላይ ስሙ አለ፣ ምን ይባላል? ስምንት ሰው የሠራበት ክበብ ለስልሳ ሰው ወረቀት ይሰጣል። ማህተሙ ያለበት መሳቢያ ለጥቂት ደቂቃ «ቁልፉ ማን ጋ ነው» አሰኝቶ ይከፈታል።

ያን ጊዜ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ውስጥ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ዕቃ ያስረክባል። ወረቀት ለመቀበል አልወጣም፤ ገመድ እየጠቀለለ ነው። ከጎኑ የ10ኛ ክፍል ልጅ ቆሟል። ትልቁ የታጠፈችውን ወረቀት ያሳየዋል፣ በየት በኩል እንደምትሸጎጥ፣ ፕላስተሩ ስንት ዙር እንደሚዞር። ከዚያ በሩን ቆልፈው ወደ ጓሮ ይዞራሉ። ሦስተኛው መስኮት የታችኛው ማጠፊያ ብሎን የለውም። ማስመሪያ አስገብተህ ወደ ላይ ካነሳኸው ይከፈታል።

«ተጠሪው ያውቃል?» ይላል ትንሹ።

«እሱ ነው ያሳየኝ» ይላል ትልቁ።