ቁጥሩ ቀነሰ? እሰየው!

የኳንተም ኮምፒዩተር ሠሪው ዲ-ዌቭ አድቫንቴጅ 2 የተባለውን ማሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ካወጣ ወዲህ አንድ ስላቅ ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ ነው። «የ2020ው ማሽን ከ5,000 በላይ ኪዩቢት (የኳንተም መረጃ መያዣ አሃድ) ነበረው፤ አዲሱ 4,400 ገደማ ነው። ወደ ኋላ ተጓዙ!» እየተባለ ይሳቅበታል። አንድ ኪዩቢት ከስንት ጎረቤት ጋር እንደሚገናኝ ግን የሚጠይቅ የለም።

ሳቂዎቹ ሲጠየቁም መልሳቸው የባሰ ነው። «ባይገናኙስ? ሶፍትዌሩ ያገናኛቸዋል» ይሉናል። ሶፍትዌር ሽቦ አይዘረጋም! የሚያደርገው ከሚፈታው ችግር አንዱን ተለዋዋጭ (ዋጋው የሚፈለግለትን ያልታወቀ) በብዙ ኪዩቢቶች ሰንሰለት መወከል ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ያው ቺፑ ነው።

2,048 ኪዩቢት በነበረው፣ ኪሜራ በተባለው የትስስር ንድፍ በተሠራው የቀድሞ ቺፕ ላይ አንዱ ኪዩቢት የሚገናኘው ከ6 ጋር ብቻ ነበር። ሁሉም ከሁሉም ጋር የተሳሰሩ 64 ተለዋዋጮች እዚያ ላይ ይስፈሩ ከተባለ እያንዳንዳቸው 17 ኪዩቢት ይበላሉ፤ በድምሩ 1,088። ከግማሽ በላይ ቺፕ ለ64 ተለዋዋጭ! የ2020ው ማሽን ንድፍ ፔጋሰስ ትስስሩን 15 ሲያደርሰው ሰንሰለቱ ከግማሽ በታች አጠረ። የአዲሱ ማሽን ንድፍ ዜፊር ደግሞ 20 አድርሶታል።

የሚባክነው ኪዩቢት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። ሰንሰለት እንዳይበጠስ ኪዩቢቶቹ በጠንካራ ፌሮማግኔታዊ ትስስር (ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ በሚያስይዝ) መታሰር አለባቸው፤ የኮፕለር (ሁለት ኪዩቢቶችን የሚያስተሳስረው ክፍል) ጥንካሬ ግን ጣሪያ አለው። ሰንሰለቱ ከችግሩ ትልቁ ቁጥር 4 እጥፍ መጠንከር ካለበትና ጣሪያው 1 ከሆነ፣ የችግሩ ቁጥሮች በሙሉ ለ4 ይካፈላሉ። 0.1 የነበረው 0.025 ሆኖ ይቀራል፤ የአናሎግ መቆጣጠሪያው ስህተት ራሱ በመቶኛ የሚቆጠር ስለሆነ ማሽኑ ያልተጠየቀውን ችግር ፈትቶ ቁጭ ይላል። ሙቀቱም አለ፤ ማሽኑ የሚሠራበት 15 ሚሊኬልቪን በጉልበት ሲለካ 0.3 ጊጋኸርዝ ገደማ ነው፣ የተካፈለውም ጉልበት ከዚህ ጋር መታገል አለበት። ሰንሰለቱን ላላ ካደረጉት ይበጠስና ግማሹ ኪዩቢት ሽቅብ፣ ግማሹ ቁልቁል ያሳያል። ያኔ «በአብላጫ ድምፅ» ይወሰን ይባላል፤ ይሄ ስሌት ነው ምርጫ?

ዋናው ጣጣ ግን ገና ነው። ሰንሰለት አቋሙን የሚለውጠው ኪዩቢቶቹ በሙሉ አብረው ሲገለበጡ ነው፤ ስለዚህ የጋራ የተነሊንግ ጉልበታቸው (እንቅፋትን በኳንተም መንገድ ሾልኮ የማለፍ አቅማቸው) በርዝመቱ መጠን በኤክስፖኔንሻል፣ ማለትም እጅግ በፍጥነት፣ ይወርዳል። ባለ 17 ኪዩቢቱ ሰንሰለት ባለ 5 ኪዩቢቱን ቀድሞ ድርቅ ይላል። ቀሪው ችግር ገና መልስ እየፈለገ እሱ ቀድሞ ወስኗል፤ የወሰነውም በቅጡ ሳይፈልግ ነው። ይህንን የትኛው ሶፍትዌር ይመልሰዋል? አንድም!

ትስስር በነፃ አይገኝም፣ እሺ። ኪዩቢቱ የኒዮቢየም (ያለ ተቃውሞ ጅረት የሚያስተላልፍ ብረት) ቀለበት ነው። ኮፕለር በተጨመረ ቁጥር ቀለበቱ ይረዝማል፣ ኢንዳክታንሱ (የጅረት ለውጥን የመቃወም ባሕርዩ) ያድጋል፣ በውስጡ የሚዞረው የኤሌክትሪክ ጅረት ይደክማል፣ የማግኔታዊ ፍሰት ጫጫታም ይብሳል። እያንዳንዱ ኮፕለር የራሱን ማስተካከያ ይፈልጋል፤ የአንዱ መስክ ወደ ጎረቤቱ ሲያፈስ ደግሞ ማካካሻ የግድ ነው። ይህ ሁሉ የማምረቻ ሥራ ነው፤ የብረት ንብርብር ይጨመር፣ ጫጫታው ያነሰ ቁስ ይመረጥ፣ ቀለበቱ ይጠር። 6 ላይ ለመቆም ምክንያት አይሆንም።

የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሌክነር፣ ሃውከ እና ዞለር እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረቡትን የፓሪቲ ንድፍ (አንድ ኪዩቢት የአንድ ጥንድ ተለዋዋጮችን ግንኙነት የሚወክልበትን) አንስተው «ጎረቤት ብቻ ይበቃል» የሚሉም አሉ። ለእነዚያው 64 ተለዋዋጮች 2,016 ኪዩቢት ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ኪዩቢቶችን አራት አራት አድርገው በአንድ ጊዜ የሚያስሩ ገደቦች አሉት። የኪሜራውን 1,088 ኪዩቢት ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረውን ይዘው የትስስር ችግር ተፈታ ይሉናል።