እንግዳ አክባሪው የአይዋ ገጠር

እንግዳ ማክበር ማለት በአሜሪካዋ ግዛት በአይዋ ገጠር የራዶንን፣ ከአፈር ወደ ቤት የሚገባውን የማይታይ ጨረራማ ጋዝ፣ መለኪያ መቀበል ነው። ያ ከሰል የያዘ ክብ ቆርቆሮ በጥቂት ዶላር ተገዝቶ ይመጣና መሳቢያ ውስጥ ከሞተ ባትሪ ጋር ሁለት ዓመት ያርፋል። ማብቂያ ቀኑ አለፈ? ይለፍ፤ ቀን የሚያልፍበት ወተት ነው እንጂ ከሰል አይደለም።

የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በካርታው የአይዋን 99 ካውንቲዎች አንድም ሳያስቀር ከፍተኛው የራዶን ቀጠና ውስጥ አስገብቷል። ጋዙ በዓመት 21,000 ያህል አሜሪካውያንን በሳንባ ካንሰር ይገድላል ብሎም ይገምታል። መንደሩ ግን መልስ አያጣም፦ «አያቴ እዚህ ቤት 90 ዓመት ኖረዋል!» አያትየው ምድር ቤቱን ለድንች ማስቀመጫ ሲጠቀሙበት የልጅ ልጃቸው አልጋ እንዳስገባበት ማንሳት ነውር ነው። «ጎረቤቴ ለክቶ ደህና ሆኗል» የሚለውም አለ፤ ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰኑ ቤቶች እንኳ ውጤታቸው እንደሚለያይ አፈሩ አልነገረውም።

ደግነቱ ቆርቆሮው በተከፈተ ቀን ነው ጎልቶ የሚታየው። መመሪያው «መለካት ከመጀመራችሁ 12 ሰዓታት ቀደም ብላችሁ መስኮትና የውጭ በር ዝጉ» ይላል። እንግዳ ጠርቶ ቤት ማፈን ግን ከየት የመጣ ባህል ነው? መስኮቱ ወለል ተደርጎ ይከፈታል። ሰው በሚኖርበት ዝቅተኛ ወለል ላይ፣ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመስኮትና ከበር 90 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቀመጥ የተባለው መለኪያ ልብስ ማጠቢያው ላይ ይሰየማል። ከሰሉ እርጥበቱን እየጠጣ ይጠግባል፤ ለራዶን የሚሆን ቦታ ያንሰዋል። ወሩም ሰኔ ነው። ጥር ላይ ማሞቂያው ሲነድ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ እየወጣ ቤቱ ከሥሩ ካለው አፈር ጋዙን ይስባል፤ ያኔ መለካት ለክፉ ዜና ደጅ መክፈት ነው።

ከሁለት እስከ አራት ቀን ቆይቶ ክዳኑ ይታሸጋል፣ ሰዓቱ ይጻፋል፣ በዚያው ቀን ለላቦራቶሪ በፖስታ ይላካል ይላል መመሪያው፤ ራዶን በ3.8 ቀን ግማሹ ይጠፋልና። የእኛ የቤት ባለቤት ግን አይቸኩልም። ፖስታው የፒካፑ መስታወት ሥር ሁለት ሳምንት ፀሐይ ይሞቃል። ላቦራቶሪው «ማንበብ አልተቻለም» ሲለው «አላልኳችሁም? የለም!» ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ሰላም ያደፈረሰ አንድ ሰው ነበር። ስታንሊ ዋትራስ የተባለ የፔንሲልቬኒያ መሐንዲስ፣ ገና ነዳጅ ያልገባበት የሊመሪክ ኑክሌር ጣቢያ ውስጥ የጨረር ማንቂያውን አስጮኸ። ጨረሩን ይዞት የመጣው ከገዛ ቤቱ ኖሯል፤ የቤቱ ራዶን ሲለካ በሊትር አየር 2,700 ፒኮኩሪ (የጨረር መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ ተገኘ። ቤት ይጠገን የሚባለው ከ4 ፒኮኩሪ ጀምሮ ነው።

ለጥገናውም ቢሆን ምስጋና ይገባል። ወለሉ ተበስቶ የፒቪሲ ቧንቧ ይገባል፤ ሌት ተቀን የሚሠራ ፋን ከኮንክሪቱ ሥር አየሩን ስቦ ከጣራ በላይ ይተፋዋል። ፋኑ ከመኖሪያው ክፍል ውጭ መሆን ነበረበት፤ ቧንቧው ቢያፈስ ጋዙን መልሶ ቤት ውስጥ ይነፋዋልና። ቆጣቢው ግን አልጋው አጠገብ ይሰቅለዋል። ሲጮህበት ደግሞ ሶኬቱን ይነቅለዋል። ቧንቧው ላይ ባለችው የዩ ቅርጽ ብልቃጥ ቀዩ ፈሳሽ በሁለቱም ክንድ እኩል ይቆማል፤ መሳቡ ቆሟል ማለት ነው። ባለቤቱ እንግዳ ባስገባ ቁጥር በጣቱ እያሳየ፦ «እዩት፣ ልክ እንደ ሚዛን!»