ጋሽ እርማት ጓዳ ይቆዩልን

በአንድ ወር ልብ ወለድ እጽፋለሁ ብዬ ተነሥቻለሁ። ደንቡ አጭር ነው፦ በ30 ቀን 50,000 ቃል። ሲካፈል በቀን 1,667 ገደማ ይደርሳል። ናኖራይሞ (NaNoWriMo) የሚባለውን ይህን ፈተና የጀመረው ክሪስ ባቲ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በፈረንጆቹ 1999 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 21 ሆነው ሞከሩት። የመጀመሪያው በጁላይ ነበር። በዓመቱ ወደ ኖቬምበር አዞሩት፤ ምክንያታቸው ደግሞ ያኔ አየሩ ስለሚከፋ ሰው ቤቱ ይቀመጣል የሚል ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ጊዜ ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 መሆኑ ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ አራት ኪሎ በረንዳ ላይ የሚቀመጥበት ወንበር ጠፍቷል። ቤት የሚያስቀምጥ አየር ቢኖር የኅዳር ሚካኤል ዕለት የሚቃጠለው ቆሻሻ ጭስ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መስኮት ያስዘጋል እንጂ አያጽፍም። ፈተናውን ያዘጋጅ የነበረው ድርጅት ራሱ በፈረንጆቹ 2025 መዘጋቱን አስታውቋል። ፈተናው ግን ባለቤት ባይኖረውም ሰው ይዞት ቀጥሏል።

የተፈታኞቹ ዋና ምክር አንድ ነው፦ ውስጥህ ያለውን አራሚ ዝም አሰኘው፣ ዝም ብለህ ጻፍ። ለእነሱ ቀላል ነው። የእኔው አራሚ ግን ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው ጋሽ እርማት ይባላል፤ ከዘራ ይይዛሉ፣ ኮታቸውን በበጋም አያወልቁም። ታላቅን ሰው እንዴት ተደርጎ ነው «ዝም በል» የሚባለው? አንቱ እያሉ ዝም ማሰኘትም አለ እንዴ?

የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «ፀሐይ ከእንጦጦ ጀርባ ብቅ አለች።»

«ልጄ» አሉ ጋሽ እርማት፣ «እንጦጦ በየት በኩል ነው?»

«በሰሜን፣ ጋሼ።»

«እና ፀሐይዋ በየት ዞራ መጣች?»

ወደ የካ አዛወርኳት። አሁን ደግሞ ፊደሉ ተነሣ። ጸሎቱ ጸ ነው ፀሐዩ ፀ? ሐመሩ ሐ ነው ሀሌታው ሀ? «ሥራ» የሚለውን በእሳቱ ሰ የጻፍኩ ዕለትማ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ሦስቴ መቱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለታሪኬ ገና ከአልጋው አልወረደም። አልጋው ራሱ የሽቦ ይሁን የእንጨት አልተወሰነም።

ሰላም ፍለጋ ወደ ካፌ ብሄድ የባሰ ሆነ። ጋሽ እርማት ለካ ወንድሞች አሏቸው። ከምቀመጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ልብ ወለድ «እየጻፈ» ያልሆነ የለም፤ አንድ ምዕራፍ የጨረሰ ደግሞ የለም። አንዱ የሽፋኑን ሥዕል አሠርቷል። አንዱ ለጀርባው አስተያየት የሚሰጡትን ታዋቂ ሰዎች ለይቶ ጨርሷል። ሌላው መታሰቢያነቱ ለእናቱ ይሁን ለሚስቱ ሊወስን አልቻለም፤ በዚህም የተነሣ ከሁለቱም ጋር ተኳርፏል። የምርቃቱ አዳራሽ ግን ታውቋል፦ ወመዘክር። ምን ይጎድላል? መጽሐፉ።

የሚገርመኝ ይህች ከተማ ሌላ ነገር ላይ እንዲህ አለመሆኗ ነው። ፎቁ ገና በባሕር ዛፍ እንጨት ተደግፎ ሳለ ምድር ቤቱ ላይ ማኪያቶ እንጠጣለን፤ ሲሚንቶ ስኒያችን ውስጥ ቢንጠባጠብ ስኳር አንሷል እንላለን እንጂ አንነሣም። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ጣሪያው ሳይመታ መሠረት አይቆፈርም።

እናም ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ናቸው፦ ቀነ ገደብ፣ እንቅልፍ ማጣት እና ያለቀ የሞባይል ዳታ። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጋሽ እርማት መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ዘር ማንዘሬን ጠየቁ፣ ቀጠሮም ሰጡ። በስተመጨረሻ ተስማማን። እስከ ኅዳር ጽዮን ጓዳ ይቀመጣሉ፤ ቡናቸው አይጓደልም። እኔም የጻፍኩትን አልሰርዝም፣ ወደ ኋላም አልመለስም። ከኅዳር 22 ጀምሮ ቀዩን እስክሪብቶና ሙሉውን ረቂቅ ይረከባሉ፤ ያኔ ከፈለጉ ዓመት ይፍጁበት፣ አልናገራቸውም።

ከዚያ ወዲህ ይጻፋል። አያምርም፣ ግን ይጻፋል። «እዚህ ጋ የሰፈሩ ስም ይግባ» እያልኩ ሰፈሩን አልፌ እሄዳለሁ። አንዷ ሴት በማርታነት ጀምራ ምዕራፍ አራት ላይ ማርቆስ ሆናለች፤ ማንም አልጠየቃትም።

ትናንት ግን ከበድ ያለ ነገር መጣ። የባለታሪኬ አባት ምዕራፍ ሁለት ላይ ሞተዋል፤ ጡሩምባ ተነፍቶላቸዋል፣ ድንኳን ተጥሏል። ምዕራፍ ስድስት ላይ የዕድር ስብሰባ ስጽፍ እጃቸውን አውጥተው መናገር ጀመሩ። ከጓዳ ሳል ተሰማ። ወደ ኋላ እንዳልመለስ ውል አለብኝ። ምን ላድርግ? የዕድሩን ገንዘብ ያዥ አስነሣሁት።

«ሟች እስከ ተናገሩ ድረስ የወሰዱትን የቀብር ገንዘብ ይመልሱልን» አለ።

«የወሰደችው ባለቤቴ ናት» አሉ ሟች።

ጸሐፊው ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝ አይያዝ ብሎ ጠየቀ፣ ግማሹ ይያዝ፣ ግማሹ አይያዝ አለ፣ አንዲት እናት ለቅሶ ላይ ያዋጣሁት እንጀራስ ብለው ተነሡ። ሰዓቱን ሳይ መሽቷል፣ 1,667ቱም ካለፈ ቆይቷል። ስብሰባው ለነገ ተቀጥሯል።