ሺፍትን ልጫን ወይስ ልልቀቅ?

ዛሬስ በቃኝ! በስዕል ፕሮግራም የሠራሁትን ሎጎ ትንሽ ላሳድገው ብዬ ጥጉን ያዝኩ። ኪቦርዱ ላይ ያለውን የሺፍት ቁልፍ ተጭኜ ጎተትኩ። ክቡ ተለጥጦ እንቁላል ሆነ! አንዱ ፕሮግራም ላይ ሺፍት የወርድና የቁመቱን ምጣኔ ይጠብቃል፤ ሌላው ላይ ያው ሺፍት ያፈርሰዋል። እጄ የለመደውን ስንቴ ልርሳ?

ደግሞ ቅርጹን አንዴ ክሊክ ሳደርግ ማሳደጊያ የነበሩት 8 እጀታዎች (ዙሪያውን ያሉት የሚጎተቱ ትንንሽ ምልክቶች)፣ ድጋሚ ክሊክ ሳደርግ ማዞሪያና ማዝመሚያ ይሆናሉ። ማን ነገረኝ? መሃል ላይ ያለችው የትንሿ መስቀል ነገርማ አይነሳ! ቅርጹ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነው። ሳላውቅ ገፍቻታለሁ። ላዞረው ስል ሎጎው ከገጹ ወጥቶ ሄደ! ስንት ሰዓት የለፋሁበት ሎጎ!

ቅርጹን ሳሳንሰው የመስመሩ ውፍረት ባለበት ሲቀርስ? ያ ቀጭን ስዕል ድፍን ጥቁር ሆኖ ቁጭ። እጀታው አጠገብ አንዲት መስመር ማብራሪያ ማስቀመጥ ይሄን ያህል ይከብዳል?