መሻገሩንስ ተሻገራችሁ፤ መመለሻው የት አለ?

ባለፈው ሳምንት በመሥሪያ ቤታችን የዓመቱ የአደጋ ጊዜ ልምምድ፣ ማለትም የኮምፒውተር ሥራችንን ወደ መጠባበቂያው ማዕከል አሻግሮ የመመለሱ ሙከራ፣ ተሰረዘ። ምክንያቱ በግማሽ ገጽ ደብዳቤ ተነገረን፦ ልምምዱ ደንበኞችን ያጉላላል፤ ደግሞም ሰርቨሮቹ በሙሉ ቨርቹዋል፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩና እንደ ፋይል የሚገለበጡ ኮምፒውተሮች ስለሆኑ፣ ችግር ቢመጣ አንድ ቁልፍ በመጫን ወደ መጠባበቂያው ማዕከል ይሻገራሉ።

አንድ ቁልፍ! መሻገሩ ቀላል ነው እንበል፤ ይህችን ብቻ እቀበላለሁ። ዋናው ክላስተር፣ ማለትም አብረው የሚሠሩት የሰርቨሮች ስብስብ፣ ሲወድቅ ቅጂዎቹ በሌላኛው ሕንፃ ይነሣሉ፤ ነገሩ በወጉ ከተዘረጋ በደቂቃዎች ውስጥ። መመለሱስ? ስለ እርሱ ደብዳቤው ትንፍሽ አላለም። ዋናው ማዕከል ተጠግኖ ሲነሣ የያዘው እስከወደቀበት ሰዓት ያለውን መረጃ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው ሁሉ መጠባበቂያው ላይ ነው። ልዩነቱን ወደ ኋላ ሳይገለብጥ ዋናውን ሥራ ያስጀመረ ሰው የደንበኛውን የዛሬ ገቢ ሜዳ ላይ ጣለው ማለት ነው። ሁለቱም ማዕከሎች በአንድ ጊዜ "ዋናው እኔ ነኝ" ካሉማ ጉድ ፈላ፤ አንድ ሒሳብ በሁለት መዝገብ፣ ሁለቱም እውነት፣ ሁለቱም ጎደሎ።

ይህ የእኔ ሟርት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018 የሶፍትዌር ሠሪዎች ኮድ ማከማቻ የሆነው ጊትሃብ የኔትወርክ ዕቃ ሲቀይር በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ያለው ዋና ዳታ ሴንተሩ ግንኙነት ተቋረጠ። ለ43 ሰከንድ፤ ሻይ ተማስሎ እስኪቀመስ። በዚያች ቅጽበት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ ዳታቤዞቹን ወደ ምዕራብ ጠረፍ አሻገረ። ልብ በሉ፣ ቁልፉን የተጫነ ሰው እንኳ አልነበረም! ግን ምሥራቅ ላይ ሳይገለበጥ የቀረ መረጃ ነበር፤ ምዕራቡም ለ40 ደቂቃ ያህል አዲስ መረጃ ሲቀበል ቆየ። መመለሻው ተዘጋ። ብዙ ቴራባይት (አንዱ ሺህ ጊጋባይት ነው) ከመጠባበቂያ ቅጂ እየተጫነ አገልግሎቱ ጤናውን ያገኘው ከ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ በኋላ ነው። እነርሱ ሥራቸው ይኸው የሆነ ሰዎች ናቸው። እኛ ደብዳቤ እንጽፋለን።

ደንበኛ ይጉላላል ለተባለው ግን ምን ይባላል? እሑድ ሌሊት ለሁለት ሰዓት የሚጉላላው የትኛው ደንበኛ ነው? ሰበቡ የደቡብ ኮሪያን ያስታውሰኛል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ዴጆን ከተማ ያለው የመንግሥት ዳታ ሴንተር በባትሪ እሳት ሲጋይ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የተከማቸበት 858 ቴራባይት አመድ ሆነ። ለምን ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም ሲባል፣ መጠኑ እጅግ ትልቅ ስለሆነ! ስለከበደን ተውነው ማለት እኮ ነው።

የእኛን የመመለሻ መመሪያ ከካቢኔ አውጥቼ አየሁት። በሁለተኛው ገጽ ላይ "በቅድሚያ ይደወልለት" የተባለው ባልደረባችን ከለቀቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደወልሁለት። አዳማ ምግብ ቤት ከፍቷል። የይለፍ ቃሉን ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"እንኳን የይለፍ ቃሉን" አለኝ እየሳቀ፣ "ሕንፃውንም ረስቼዋለሁ።"