«ራነጌት» ዘላን አይደለም

አንድ ጽሑፍ «ራነጌት» (runagate) የሚለውን ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል «ዘላን» ብሎ የተረጎመው መታረም አለበት። ዘላን ከብቱን ይዞ ውሃና ሣር ተከትሎ የሚሄድ አርብቶ አደር ነው፤ ከማንም አልሸሸም፤ ስሙም ስድብ መሆን የለበትም።

የቃሉ ሥር የላቲኑ «ኔጋሬ» ነው፤ መካድ ማለት። ከዚያ «ረኔጋት» መጣ፤ ሃይማኖቱን የካደ። እንግሊዞች ግን «ራን»ን መሮጥ፣ «አጌት»ን በመንገድ ላይ ብለው ሰሙት፤ በጆሮ ስሕተት ከሃዲው ኮብላይ፣ ቀጥሎም መድረሻ ቢስ ሆነ። ስለዚህ የምትተረጉሙ ሰዎች፣ መጀመሪያ ከምን እንደሸሸ ፈልጉ። ከእምነቱ ከሆነ «ከሃዲ»፣ ከጌታው ወይም ከፍርድ ከሆነ «ኮብላይ»፣ እንዲሁ የሚዞር ከሆነ «አውደልዳይ» በሉት። «ከርታታ» ግን አይሆንም፤ ከርታታ አንጀት ይበላል፣ ራነጌት ስድብ ነው።

በሼክስፒር «ሮሚዮና ጁልየት» የጁልየት እናት ከቬሮና ተባሮ ማንቱዋ ያለውን ሮሚዮን የምትጠራው በዚሁ ቃል ነው፤ እዚያ ላይ ንዴቷ ካልተሰማ ትርጉሙ ከሽፏል። መዝሙር 68፥6 ላይም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ማይልስ ከቨርዴል (Coverdale) «ራነጌት» ያላቸውን የ1611ዱ የኪንግ ጄምስ ትርጉም «ዓመፀኞች» ይላቸዋል።