ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር የብረት ሳጥን

ለ፦ በማረፊያ ቤታችን ኮሪደር ከጣሪያው ሥር ለሚገኙት ክቡር ባለ ቁልፉ የብረት ሳጥን
ደብረ ብርሃን
ጉዳዩ፦ ዝውውርዎን ስለ መጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የዋይፋይ ማሰራጫውን ሌባ እንዳይወስደው በሆድዎ ቆልፈው ከያዙት ወዲህ፣ እውነት ለመናገር፣ ማንም አልሰረቀውም። ማንም አልተጠቀመበትምም። «ነፃ ዋይፋይ አለ» የሚለው ማስታወቂያ በእንግዳ መቀበያው ላይ ተለጥፏል፤ የይለፍ ቃሉም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አገሩ ሸዋ ነውና ስለ ዘር ሐረግዎ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1836 ማይክል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ግድግዳው ብረት የለበሰ ክፍል ሠርቶ፣ ከውጭ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ቢለቀቅበት እንኳ ውስጡ ምንም እንደማይደርስ አሳየ። እርሱ የውጭውን እንዳይገባ ከለከለ፤ እርስዎ የውስጡን እንዳይወጣ ይከለክላሉ፤ ሙያው አንድ ነው። የቅርብ ዘመድዎ ደግሞ የማይክሮዌቭ ምድጃ ነው። የሚሠራበት ሞገድ የዋይፋዩ ጎረቤት፣ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ነው፤ ገላው ብረት፣ በሩ ላይ ያለውም የብረት ወንፊት በመሆኑ ሞገዱን እንደ እርስዎ አፍኖ ያስቀራል። እርሱ ግን ቢያንስ ወጥ ያሞቃል።

ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ባለቤትዎ አቤቱታችንን ሰምተው ዝም አላሉም። «ታፍኖ ይሆናል፣ አየር ይግባለት» ብለው ጎንዎን በሚስማር አስበሱልን። አየሩ ገባ። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግን ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ በሚስማር ቀዳዳ መሹለክ አይሆንለትም። የምታመልጠው ጥቂት ነገር የምትወጣው በበርዎ ጠርዝ ባለው ረጅም ስንጥቅ ነው። እንግዳው ሁሉ በእኩለ ሌሊት የመንዝ ባና ተከናንቦ ከበርዎ ሥር የሚቆመው፣ ስልኩንም ወደ ላይ የሚያነሣው ስለዚህ ነው። አላፊ አግዳሚ ቢያየን ምህላ የያዝን ይመስለዋል።

በጣርማ በር ዋሻ ስናልፍ ስልካችን ድምፅ ቢያጣ አንቆጣም፤ ተራራ ከራሳችን በላይ ተጭኗል። እርስዎ ግን ውፍረትዎ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህ አቅምዎ የተራራን ሥራ መሥራትዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

አንቴናዎቹ ቆመው ስላልበቁዎት አጎንብሰው ነው የገቡት። ዱላ አንቴና ሞገዱን የሚረጨው በጎኑ ዙሪያ ነው፤ በጫፉ አቅጣጫ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው። ቀጥ ብሎ ቢቆም ፎቁን ዳር እስከ ዳር ያዳርስ ነበር። አሁን አንደኛው ጫፉን ወደ እኔ ክፍል ቀስሮ ተኝቷል። (ብረት ውስጥ ሆኖ የአቅጣጫ ነገር ምን ሊረባው፤ ቢሆንም ስድቡ ይሰማኛል።) ባለፈው አንድ ባለሙያ መጥቶ «ጉልበታም አንቴና ያስፈልጋል» አለ፤ ረጅም አንቴና ተገዛ፤ እርሱም ታጥፎ እዚያው ገባ፤ በሩም ተቆለፈ። አልሸሹም ዞር አሉ! ያ ገንዘብ ሁለት አጫጭር ገመዶች ገዝቶ አንቴናዎቹን ከገላዎ ውጭ ማቆም ይችል ነበር። አጫጭር ያልሁት በምክንያት ነው፤ ቀጭኑ የአንቴና ገመድ በሦስት አራት ሜትር ውስጥ የጉልበቱን ግማሽ ያህል ይበላል።

በግቢው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ የተሰቀለው ታናሽ ወንድምዎ እንኳ ከእርስዎ ይሻላል፤ ፕላስቲክ ነው፣ ሞገድ ያሳልፋል። የሚያሳልፈውን ውሃው ይውጠዋል እንጂ። ገመዱ በአናቱ ስለ ገባ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ይገባል፤ ከታች ገብቶ፣ ከመግቢያውም በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ቢሆን ኖሮ ጠብታው መሬት ይወርድ ነበር። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለው በዚህ ከተማ የሌሊት ውርጭ ሲጨመርበት፣ ውስጡ ያለው እርጥብ አየር ራሱ ውሃ ሆኖ በዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ደግሞ ውርጩን ይረሳና ፀሐይ ላይ ተዘግቶ ይቀቀላል። እርሱን በሌላ ደብዳቤ አነጋግረዋለሁ።

እንግዲህ የምጠይቀው ከሥራ እንዲሰናበቱ አይደለም። ጥንካሬዎ፣ ቁልፍዎ፣ ቀለምዎ ሁሉ ለመብራት ቆጣሪ የተፈጠረ ነው፤ የእኛ ቆጣሪ ደግሞ በር አካባቢ ያለ ልብስ ቆሟል። ወደዚያ ተዛውረው፣ ስፍራዎን ቁልፍ ላለው የፕላስቲክ ወይም የፋይበርግላስ ሳጥን እንዲለቁ በትሕትና አመለክታለሁ። ዝውውሩን ካልተቀበሉ፣ አንቴናዎቹ በጀርባዎ ወጥተው ይቁሙ፤ እርስዎም ዕቃውን መጠበቅዎን ይቀጥሉ፤ ያኔ ጠብ የለንም።

ከሰላምታ ጋር
በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል ተከራይ

ግልባጭ፦
ለእትዬ (በወረቀት፣ በኢንተርኔት መላክ ስላልተቻለ)
ለውሃ ታንከሩ
የሳጥኑን ቁልፍ ይዞ መንዝ ለሄደው ዘበኛ